ከባልንጀራ ጋር ለሁለት ቀን፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ወዴት መውጣት፣ በመንገድስ ምን ማድመጥ ይሻላል?

ከባልንጀራው ጋር ቅዳሜንና እሁድን ከከተማ ወጥቶ ለማሳለፍ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ይወስናል። መድረሻውን በሳምንቱ መካከል በስልክ ይመርጣል፤ በመንገድ የሚደመጠውን ፖድካስት ወይም የሬዲዮ ዝግጅት ግን መኪናው ከተነሣ በኋላ፣ ኔትወርኩ መቆራረጥ ሲጀምር ይፈልጋል። እኔ ሁለቱ በአንድነት ቢወሰኑ እንደሚሻል አምናለሁ፤ ምክንያቱም የመንገዱ ርዝመት፣ በመድረሻው ያለው ድካም፣ የሚታደርበት ቤት ጸጥታና የሚደመጠው ነገር ተደምረው ሁለቱ ሰዎች በእነዚያ ሁለት ቀናት ምን ያህል እንደሚጨዋወቱ ይወስናሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ቦታዎችና ዝግጅቶች በዋናነት የመዘንኳቸው ለጨዋታ በሚተዉት ጊዜ ነው።

መነሻችሁ የት ነው?

በከተማዋ ዳርቻ የሚኖር ሰው መሐል ከተማ ከሚኖረው የተለየ ስሌት አለው። በጀሞ፣ በለቡ ወይም በፉሪ ለሚኖር ሰው የቡታጅራና የሰበታ መንገዶች ደጁ ላይ ናቸው፤ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በቃሊቲ ለሚኖር ደግሞ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ቅርብ ነው፤ የአስኮና የቡራዩ ነዋሪ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ፣ የሱሉልታ ነዋሪ ወደ ፍቼና ወደ ደብረ ሊባኖስ ከተማውን ሳያቋርጥ ይወጣል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአያት ተነሥቶ ጀሞ ለመድረስ የሚጠፋው ጊዜ፣ ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ ከሚያደርሰው ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ባልንጀሮቹ በተለያየ ዳርቻ የሚኖሩ ከሆነ፣ ዓርብ ማታ አንደኛው ሌላው ቤት አድሮ በማግሥቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አብሮ መውጣት ከሁሉም የተሻለ መፍትሔ ነው። እኔ በለቡ በኩል፣ ባልንጀራዬ በአያት በኩል ስለምንኖር እሷ ዓርብ ማታ እኔ ዘንድ ታድራለች፤ ከእራት በኋላ ቡና ተፈልቶ በማግሥቱ የሚደመጠውን የምናወርደውም በዚያች ምሽት ነው። መኪና የሌላቸው ሰዎች ወደ ቢሾፍቱ ከቃሊቲ፣ ወደ ሆለታ ከአስኮ መናኸሪያ ይሳፈራሉ፤ በሚኒባስ ውስጥ ድምፅ ከፍቶ ማድመጥ ስለማይገባ ግን ከዚህ በታች ስለሚደመጠው የምለው በአመዛኙ ለባለ መኪኖች ነው።

የሚደመጠው፦ የእንግዳ ጨዋታ፣ ታሪክ ወይስ ትረካ?

ከእነዚህ ሦስት ዓይነቶች ለሁለት ሰዎች ጉዞ እኔ የማስቀድመው የእንግዳ ጨዋታን ነው። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 መዓዛ ብሩ የምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ጥሩ ምሳሌ ነው። እንግዳው ከትውልድ መንደሩና ከልጅነቱ ጀምሮ ሕይወቱን ይተርካል፤ ጠያቂዋ አትቸኩልም፤ አንድ እንግዳ በተከታታይ ክፍሎች ስለሚቀርብም ጨዋታው እስኪበስል ጊዜ ያገኛል። የዚህ ዓይነት ዝግጅት ትልቁ ጥቅም በማናቸውም ቦታ ሊቆም መቻሉ ነው። እንግዳው ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያወራ ባልንጀራህ የራሱን ትምህርት ቤት ያነሣል፤ ዝግጅቱን ገታ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጫወትና እንደገና መቀጠል ይቻላል፤ የቀረ ነገርም አይኖርም። ባልንጀራዬ ስለ አባቷ አስተዳደግ ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገር የሰማሁት አንድ አዛውንት እንግዳ ስለ አባታቸው ሲናገሩ በነበረበት ሰዓት ነው።

በዩቲዩብ የሚወጡት የአማርኛ ፖድካስቶች ብዙዎቹ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ርዝመታቸው ግን ከአንድ ሰዓት አልፎ ሁለት ሰዓት የሚደርስ ስለሆነ ከመንገዱ ጋር ማመዛዘን ያስፈልጋል። በመካከላቸው ለመምረጥ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ሰምቼ አቅራቢው እንግዳውን አስጨርሶ የሚያናግር ከሆነ አወርደዋለሁ፤ ጥያቄው ከመልሱ የሚረዝም ከሆነ እተወዋለሁ። ስለ ስኬትና ስለ ገንዘብ ምክር የሚሰጡትን ዝግጅቶች በሥራ ቀን ብቻዬን ስሆን እሰማቸዋለሁ፤ ለሁለት ሰዎች ጉዞ ግን አልመርጣቸውም፤ ምክር እየሰማ የሚሄድ ሰው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ከመጫወት ይልቅ ስለራሱ ጉድለት ማሰብ ይጀምራልና።

ሁለተኛው ዓይነት ታሪክ ነው። በዚያው በሸገር እሸቴ አሰፋ የሚያቀርበው «መቆያ» የዓለምን ታላላቅና አስገራሚ ክስተቶች በአንድ ድምፅ፣ በተረጋጋ አነጋገር ይተርካል። እንዲህ ያለው ዝግጅት በመካከል ቢቋረጥ ውሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚስማማው ሁለቱም ሰዎች ዝም ብለው ሊሰሙ ለሚፈልጉበት ሰዓት፣ ለምሳሌ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደክሟቸው ሲመለሱ ነው። ጨዋታው የሚመጣው ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ክርክር ያደላል። ክርክር የሚወዱ ባልንጀሮች ይህን ያስቀድሙ።

ሦስተኛው ትረካ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬም በኢንተርኔት ይገኛል፤ ከእኔ ትውልድ በፊት የነበሩት ሰዎች ሬዲዮ ከብበው የሰሙትን ድምፅ በመኪና ውስጥ መስማት ለእኔ እስካሁን የሚያስደንቅ ነገር ነው። ትረካ ግን ጊዜን ይጠይቃል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ አይጨረስም፤ ስለዚህ ለአንድ ጉዞ ሳይሆን በየወሩ አብረው ለሚወጡና ካቆሙበት ለሚቀጥሉ ባልንጀሮች ይበጃል። በሁለቱ መካከል አንደኛው ቀድሞ ቤቱ እንዳይሰማ መስማማትም ያስፈልጋል።

የዜና ትንታኔ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። የሚመረጠው ሁሉ ዓርብ ማታ ወርዶ በስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ከከተማ ወጥቶ ሸለቆ ሲገባ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ጥቅሉም በከንቱ ያልቃል።

ቢሾፍቱ፦ ማረፍ ብቻ ለሚሹ

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋም 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከእኛ ሰፈር ብርድ የወጣ ሰው ገና ከመኪና ሲወርድ የአየሩ ሙቀት ይሰማዋል። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩት ሐይቆቿ፣ ማለትም ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ሌሎቹ፣ ከከተማዋ ሳይወጡ ሊታዩ ይችላሉ። ሥራ ላደከማቸው፣ መራመድ ለማይፈልጉ ወይም ከሁለቱ አንደኛው ለታመመበትና ላገገመበት ሰሞን ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም። መንገዱ አጭር ስለሆነ ከአንድ የእንግዳ ጨዋታ ክፍል በላይ ማውረድ አያስፈልግም።

ጉድለቱ ሕዝብ መብዛቱ ነው። ቅዳሜና እሁድ በሐይቆቹ ዳር ያሉት ትልልቅ መዝናኛዎች በሠርግ፣ በድርጅት ስብሰባና በሙዚቃ ስለሚሞሉ፣ ለጨዋታ ሄዶ ድምፅን ከፍ አድርጎ መነጋገር ይመጣል። ክፍሎቹም በእነዚህ ቀናት ይወደዳሉ። ስለዚህ ቢሾፍቱን የሚመርጡ ሰዎች በባቦጋያ በኩል አነስተኛ ማረፊያ ቢይዙ፣ ጠዋት ደግሞ ወፎች ወደሚሰበሰቡበት ጥልቀት ወደሌለው ወደ ጨለለቃ ሐይቅ ወጣ ቢሉ ይሻላቸዋል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ በሆራ አርሰዲ ዳር ኢሬቻ ስለሚከበር፣ በዚያ ሰሞን የሚሄድ ሰው ለበዓሉ የሚሄድ መሆን አለበት፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ግን ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

የቡታጅራ መንገድ፦ የሚያዩትን ለሚወያዩ

ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን መንገድ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለኝ። በአንድ መስመር ላይ ሦስት የተለያዩ ዘመናት ይገኛሉ፤ በየመካከላቸውም ለጨዋታ የሚበቃ የመንገድ ርቀት አለ።

የመጀመሪያው መቆሚያ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬ ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2024 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በዚህ ስፍራ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የሰው ዘር ቀደምቶች ከባልጩትና ከሌሎች ድንጋዮች መሣሪያ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ተመራማሪዎችም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየንብርብሩ ሲቆፍሩ ቆይተዋል። በሣር ክዳን ጎጆዎች የተሠራ ትንሽ ሙዚየም አለው። በአካባቢው ከተገኙት ነገሮች ሁሉ እኔን የሚይዘኝ 700,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የእግር ዱካ ነው፤ ከዱካዎቹ መካከል የሕፃናት ይገኙበታል፤ ተመራማሪዎቹም ትልልቆቹ ድንጋይ ሲያበጁና ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ በዚያው አጠገባቸው እንደነበሩ ያስረዳሉ። ይህን አይቶ ወደ መኪና የተመለሰ ሰው ስፒከር መክፈት አያምረውም። ቢያንስ እኛ ከመልካ ቁንጡሬ እስከሚቀጥለው መቆሚያ ምንም አንሰማም፤ ልጆቻችንን ወደ ሥራችን ይዘን ስለመሄድና ስላለመሄድ ያደረግነው ረጅም ክርክር የተጀመረው እዚያ ነው።

ሁለተኛው አዳዲ ማርያም ናት። ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ የምትገኝ፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጋር ያያይዛታል። ወደ ላሊበላ ለመሄድ ጊዜና ገንዘብ ለሚቸግረው ሰው፣ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ውስጥ መቆም ምን እንደሆነ ደርሶ መልስ በሚያስችል ርቀት ታሳያለች። ጠዋት ቅዳሴ ሳይወጣ መድረስ፣ ነጠላ መያዝና ጫማ ማውለቅ እንዳለ ማሰብ ያስፈልጋል። የጠጠሩ መንገድ በክረምት ይጨቀያልና ዝቅተኛ መኪና ያላቸው ሐምሌንና ነሐሴን ያሳልፉ።

ሦስተኛው በሶዶ ጉራጌ ምድር የቆመው ጢያ ነው። በ1980 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ በብዙዎቹ ላይ ጎራዴና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል፤ ከሥራቸውም መቃብሮች መኖራቸው በቁፋሮ ታውቋል። ስፍራው ሰፊ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲሰጠው እመክራለሁ፤ አስጎብኚው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሲያሳይ እያንዳንዱ ድንጋይ ለአንድ ሰው የቆመ መሆኑ እየገባ የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው።

ማታ ቡታጅራ ገብቶ ማደር ይቻላል። ጾም ካልሆነ ክትፎን ከቆጮና ከአይብ ጋር በአገሩ መብላት ለዚህ መንገድ የተገባ እራት ነው፤ ከሁለቱ አንደኛው የሚጾም ከሆነ ግን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ የአንደኛው ድግስ የሌላው ፈተና እንዳይሆን። በመመለሻው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ «መቆያ»ን ወይም ሌላ የታሪክ ዝግጅት መክፈት ይስማማል፤ ቅዳሜ የታየው ነገር ጆሮን ለታሪክ ያዘጋጃልና።

መናገሻ ሱባ፦ መራመድ ለሚወዱ

በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከምዕራባዊው ዳርቻ ለሚነሣ ሰው ከሁሉም ቅርብ የሆነ እውነተኛ ጫካ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ከላይ ደግሞ ኮሶው ዛሬም ቆመዋል፤ ጉሬዛና ድኩላም ያጋጥማሉ። ለሁለት ሰዎች ጨዋታ እንደ እግር መንገድ የሚመች ነገር የለም፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለመናገር የሚከብድ ጉዳይ ጎን ለጎን ሲራመዱ ይቀላል። ባልንጀራቸው የሚያስጨንቀው ነገር እንዳለ የሚጠረጥሩ ሰዎች ይህን ቦታ ቢመርጡ እላለሁ፤ በጫካው ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ ማድረግም ለዚህ ዓላማ ጉዳት ነው።

ጉድለቱ አቅርቦቱ ነው። ሻይና ምሳ ከቤት መያዝ ይኖርበታል፤ ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ አስቸጋሪ ነው፤ ማደርም እንደ ቢሾፍቱ ምቾት የለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቅዳሜን በደኑ ውሎ ማታ ወደ ቤት መመለስና እሁድን በዕረፍት ማሳለፍ ይበልጥ ይስማማል። ለዚያ እሁድ ማታ ወይም ከሰዓት በኋላ ተከታታይ ድራማ መመልከት መልካም ነው። በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበው «እረኛዬ» የገጠርን ሕይወትና የመሬትን ጉዳይ በክብር የሚያሳይ ሥራ ነው፤ ከደን የተመለሰ ሰው ስለዛፍና ስለመሬት ሲያወራ ውሎ ስለሆነ ድራማው ጨዋታውን ያስቀጥለዋል። በጣም የደከመው ደግሞ በአንድ ካፌ ውስጥ የሚካሄደውን የፋና አስቂኝ ድራማ «ምን ልታዘዝ»ን ይመልከት፤ ክፍሎቹ አጫጭር ናቸው፤ ሁለቱን አይቶ ለመተኛት ያመቻሉ።

ደብረ ሊባኖስ፦ ልብ ለከበደው ጉዞ

ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ደብረ ሊባኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ገዳም ነው። ከመዝናኛ ጋር የሚቆጠር ቦታ አይደለም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የፋሺስት ጦር በገዳሙ መነኮሳትና ምእመናን ላይ የፈጸመው ጭፍጨፋ በዚህ ምድር ላይ አለ፤ ይህን እያወቀ የሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል። በአካባቢው ያለው፣ ሰው ሁሉ የፖርቱጋል ድልድይ የሚለው የድንጋይ ድልድይ በልማድ ከሚወሳው ዘመን በኋላ በራስ ዳርጌ የተሠራ ነው፤ ከእርሱ አጠገብ ሸለቆውን ማየትና ጭላዳዎቹን በሩቁ መመልከት ይቻላል።

ለዚህ መንገድ ትረካውን እመርጣለሁ። መንገዱ ሰላሌን አቋርጦ ወደ አባይ የሚወርደው ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ከጎጃም ተነሥተው አባይን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ያቀኑ ሰዎች ታሪክ ስለሆነ፣ ያንን ምድር በመስኮት እያዩ መስማት የትረካውን ክብደት ያሳያል። በጫንጮና በሱሉልታ በኩል ሲመለሱ ለወተት መቆም የእኛ ልማድ ነው።

ወደዚህም ሆነ ወደ ሌላው አቅጣጫ ከመነሣት በፊት ግን ዓርብ ዕለት በዚያ ለሚኖር ሰው ደውሎ የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅና በብርሃን ለመመለስ ማቀድ ግዴታ ነው። የሚያሳስብ ነገር ከተሰማ መድረሻውን መቀየር ነው፤ ለዚሁም ሁለተኛ ምርጫ አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

እንጦጦና ወንጪ

ለሁለተኛ ምርጫነት እንጦጦ ይበቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም እዚያ ናት፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክም ለእግር መንገድ ይመቻል። ማደር አያስፈልገውም፤ ግማሽ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ በማለዳ መውጣት ይሻላል።

ወንጪ ከእነዚህ ሁሉ የሚያምር ሐይቅ አለው ቢባል አልከራከርም፤ በ2021 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ነገር ግን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅና ወደ ሐይቁ መውረድና መውጣት በራሱ የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከተጨመቀ አብዛኛው ሰዓት መሪ ላይ ያልፋል። ሰኞ በዓል ሆኖ የሚውልበትን ሳምንት ጠብቆ፣ ሁለት የእንግዳ ጨዋታና አንድ ታሪክ አውርዶ መሄድ ነው።